ባቢክር በድሪና አሥራ ሰባቱ ልጃገረዶች

ከካርቱም ከተማ በስተ ደቡብ፥ በነጭ ዓባይ ዳር፥ ካላክላ የምትባል ስፍራ ትገኛለች። በ1884 እ.ኤ.አ. የማህዲ ሠራዊት ካርቱምን በከበበ ጊዜ የአዛዡ የአብዱራህማን አን ኑጁሚ ጦር የሰፈረው በዚያ ነበር። ከዚሁ ጦር ጋር የነበሩት ወጣቱ ባቢክር በድሪ ኋላ የሱዳን ሴቶች ትምህርት መሥራች ለመሆን የበቁ ሰው ናቸው።

በ1889 በቶስኪ ጦርነት ተማርከው ወደ ግብፅ ተወሰዱ፤ በ1898 ደግሞ ከካራሪ እልቂት ተረፉ። ብዙ ደም ያዩት እኚህ ሰው ከጦርነቱ በኋላ ፊታቸውን ወደ ማስተማር መለሱ፤ በ1903ም በጥቁር ዓባይ ዳር በምትገኘው በሩፋዓ የወንዶች ትምህርት ቤት ከፈቱ።

ይሁን እንጂ ልጆችን ማስተማር ሲባል ወንዶች ልጆች ብቻ መታሰባቸው ለባቢክር አልተዋጠላቸውም። በ1904 የሴቶች ትምህርት ቤት ለመክፈት የእንግሊዝን አስተዳደር ጠየቁ፤ የሕዝቡን ቍጣ የፈራው አስተዳደር ግን ከለከላቸው። በ1906 ደግመው ጠየቁ፤ አሁንም አልተፈቀደላቸውም። በ1907 ግን በገዛ ቤታቸው፥ በገዛ ገንዘባቸውና በራሳቸው ኀላፊነት እንዲያደርጉት ተተወላቸው። የጭቃ ቤታቸውን ክፍል አደረጉ። ከተማሪዎቹ ዘጠኙ የገዛ ልጆቻቸው፥ ስምንቱ የጎረቤት ልጆች ነበሩ። ለሌላው ሰው ልጅ የመከሩትን አስቀድመው በራሳቸው ቤት ስለ ፈጸሙት፥ የሚነቅፋቸው ሁሉ ነቀፋውን ከእርሳቸው ቤት መጀመር ነበረበት።

ከዚያ በኋላ መንግሥቱም መንገዱን ተከተለ፤ በ1921 በኦምዱርማን የሴት መምህራን ማሠልጠኛ ተከፈተ። ባቢክር ጡረታ ከወጡ በኋላ ለወንዶች ያቋቋሙት ትምህርት ቤት አሕፋድ ተባለ፤ ትርጓሜውም የልጅ ልጆች ማለት ነው። እርሳቸው በ1954 ዐረፉ፤ በ1966 ግን ልጃቸው ዩሱፍ በድሪ የሴቶች ኮሌጅ ባቋቋሙ ጊዜ ይኸው ስም ለሴቶቹ ሆነ።

የእኚህ ሰው ሕይወት ለኢትዮጵያ መምህር የቅርብ ትምህርት አለው። በአማርኛ አንተና አንቺ የተለያዩ ናቸው። ወንዶችና ሴቶች በአንድነት በተቀመጡበት ክፍል ዘወትር በአንተ ብቻ የሚጠይቅና የሚያዝዝ መምህር፥ በሩን ከፍቶ ያስገባትን ልጅ በቃሉ መልሶ ያስወጣታል። እናንተ ብሎ መጥራት ወጪ የለውም፤ ፈቃድም አያስጠይቅም። ባቢክር በድሪ ሦስት ዓመት ደጅ ጠንተው በጭቃ ቤት የጀመሩትን ሥራ፥ የዛሬ መምህር በአንዲት ቃል ሊቀጥለው ይችላል።