ሃሪ ፈርጉሰንና የትራክተር ማንሻ

በሰሜን ወሎ፣ ከወልዲያ ተነሥቶ ወደ ደቡብ በሚወርደው ጎዳና፣ ሲሪንቃን አልፎ መርሳ እስኪደርስ፣ በሀብሩ ወረዳ በሬ ጠምዶ የሚያርስን ገበሬ ቆም ብሎ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ገበሬው እርፉን የያዘበት እጁ ከቶ አያርፍም። በሬዎቹ ሲከብዳቸው እርፉን ጥቂት ያነሣል፤ አፈሩ ሲላላ መልሶ ይጫናል፤ ማረሻው ድንጋይ ሲነካ ምራኑ ሳይበጠስ፣ ሞፈሩም ሳይሰበር ፈጥኖ ያወጣዋል። ይህን የእጅ ጥበብ ለብረት ያስተማረው ሰው ሃሪ ፈርጉሰን ይባላል። ያረጀ ማሴ ፈርጉሰን በእርሻ ወራት ማንሻው አልነሣ ብሎት የተቸገረ መካኒክ የሚታገለው ከዚህ ሰው አሳብ ጋር ስለ ሆነ፣ ታሪኩን ማወቁ ለሥራው ይረዳዋል።

ፈርጉሰን የተወለደው በ1884 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በዛሬዋ ሰሜን አየርላንድ፣ በድሮሞር ከተማ አጠገብ፣ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። የእርሻ ሥራ ስላልተስማማው በ1902 በቤልፋስት ከተማ ወንድሙ ወደ ነበረበት የመኪና ጥገና ሥራ ገባ። በ1909 የመጨረሻ ቀን ራሱ በሠራው አውሮፕላን በአየርላንድ ምድር በመብረር ስሙን አስጠራ። ነገር ግን ወደ ሸሸው እርሻ የመለሰው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነበር። የእህል እጥረት ስላሠጋ በ1917 የአየርላንድ የእርሻ ቦርድ በየአገሩ እየዞረ የትራክተሮችን ሥራ እንዲያሻሽል አዘዘው፤ እርሱም ዊሊ ሳንድስ ከሚባለው የሥራ ጓደኛው ጋር ሆኖ ጉዞውን ጀመረ።

በዚያን ጊዜ ትራክተር ማረሻን የሚጎትተው ልክ ፈረስ ጋሪን እንደሚጎትት ነበር። ማረሻው ከድንጋይ ወይም ከሥር ጋር ተጋጥሞ ሲቆም የሞተሩ ኃይል የሚሄድበት ያጣል፤ የፊቱ ጎማዎች ከመሬት ይነሡና ትራክተሩ ወደ ኋላ ይገለበጣል። በዚህ ሁኔታ ከብረቱ ሥር ተጨፍልቀው የሞቱ ሾፌሮች ጥቂቶች አይደሉም። ይህን ለመከላከል ሌሎች ትራክተሩን ይበልጥ ከባድ አድርገው ሠሩት። ፈርጉሰን ግን ክብደት መሬቱን ከመጨቆንና ነዳጅ ከማባከን በቀር መፍትሔ አይሆንም ብሎ፣ ትራክተሩና ማረሻው አንድ አካል ይሁኑ የሚል አሳብ ያዘ። ለዚህም ማረሻው በሁለት የታች ክንዶችና በአንድ የላይ ዘንግ ከትራክተሩ ጋር ተያያዘ። አፈሩ ሲጠነክር ማረሻው የላይኛውን ዘንግ ወደ ፊት ይገፋዋል። ግፊቱ በአንድ በኩል የትራክተሩን አፍንጫ ወደ መሬት ይጫነዋል፤ በሌላ በኩል በዘንጉ ጫፍ ያለውን ሞላ አጨብጦ የሃይድሮሊኩን ቫልቭ ያንቀሳቅሰዋል፤ ዘይትም ወደ ሲሊንደሩ ገብቶ ማረሻውን ጥቂት ከፍ ያደርገዋል። አፈሩ ሲላላ ይኸው ተገልብጦ ይፈጸማል። ይህ ከገበሬው እጅ በምን ይለያል?

አሳቡ እስኪበስል ከ15 ዓመት ያላነሰ ፈጅቷል። በ1933 የመጀመሪያው የሙከራ ትራክተር ተሠራ፤ በ1936 ከዴቪድ ብራውን ጋር ለገበያ ወጣ፤ ሁለቱ ግን ብዙም ሳይቆዩ ተጣሉ። ፈርጉሰን ንጽሕናና ሥርዓት የሚወድ፣ ነገር ግን በአሳቡ የማይመለስ ግትር ሰው ነበርና ከባልንጀሮቹ ጋር መጣላቱ አያስደንቅም። በ1938 ትራክተሩን አሜሪካ ወስዶ ለሄንሪ ፎርድ አሳየው። ሁለቱም የገበሬ ልጆች ነበሩና ወዲያው ተግባብተው እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። ውል አልተጻፈም፤ እንደ አገራችን ልማድ ሽማግሌም አልተቀመጠም። ከ1939 ጀምሮ ፎርድ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ትራክተሮች ሠራ። የልጅ ልጁ ሥልጣኑን ከያዘ በኋላ ግን ስምምነቱ ፈረሰ፤ ፎርድም ያንኑ የማንሻ ዘዴ በራሱ ስም መሸጥ ቀጠለ። ፈርጉሰን ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠይቆ ከሰሰ። ክርክሩ በ1952 በ9.25 ሚሊዮን ዶላር በእርቅ ተቋጨ፤ ፎርድም በመምጠጫው በኩል የሚቆጣጠረውን የፓምፕ አሠራር እንዲተው ተስማማ። እንደ እኔ አስተያየት ለፈርጉሰን ከገንዘቡ ይልቅ ይህ የኋለኛው ሳይበልጥበት አልቀረም።

በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከ1946 እስከ 1956 ከ500,000 በላይ ግራጫ ትራክተሮች ተሠሩለት። በ1953 ድርጅቱን ከካናዳው ማሴ ሃሪስ ጋር ሲያዋሕድ በ1 ሚሊዮን ዶላር ልዩነት ስላልተስማሙ ሳንቲም ተወረወረ፤ ተሸነፈም። በዓመቱም ከድርጅቱ ለቀቀ። በጥቅምት 1960 በቤቱ ሞቶ ተገኘ፤ የሞቱን ምክንያት የመረመሩት ሰዎች መድኃኒት አብዝቶ መውሰዱን ቢያረጋግጡም፣ አስቦበት ይሁን በስሕተት ሊወስኑ አልቻሉም።

ቀዩ ማሴ ፈርጉሰን 135 የወጣው እርሱ ከሞተ ከ4 ዓመት በኋላ ቢሆንም የማንሻው መሠረት የእርሱ ነው። ፓምፑ ከካምቢዮው ጋር በአንድ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ስለሚሠራ፣ ማንሻ አልነሣ ሲል ፓምፑን ለመፍታት ከመቸኮል አስቀድሞ የዘይቱን መጠንና የመምጠጫውን ወንፊት ማየት ይገባል። በግራጫው ትራክተር ላይ ደግሞ የኋላውን ዘንግ የሚያዞረው ማርሽ ካልገባ ፓምፑ ከቶ አይዞርም፤ ፍሪሲዮን ሲረገጥም ይቆማል። ማረሻው በእርሻ ላይ ያለ ምክንያት ብድግ ቁጭ ቢል የላይኛው ዘንግ ሞላ ልል መሆኑን መመርመር ነው። ሞተሩ እየሠራ ማንሻው ነቅነቅ የሚል፣ ሞተሩ ሲጠፋም ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ ሁለቱም የአንድ በሽታ ምልክት ናቸው፤ ዘይት በሲሊንደሩ ጎሚኒ፣ በቫልቩ ወይም በመጋጠሚያው በኩል ያመልጣል። እንዲህ ባለ ትራክተር ላይ የተሰቀለ ማረሻ ሥር ጠንካራ ግንድ ሳይደገፍበት መግባት አይገባም።