በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፤ የቴአትራችን በር ከፋች



ዛሬ ቴአትር ሲባል ሁላችንም የምናስበው አንድ ነው፤ መድረክ አለ፣ መጋረጃ አለ፣ ተዋናይ አለ፣ ተመልካችም አለ። ይህ ነገር ለአገራችን እንግዳ የነበረበት ዘመን ግን እጅግ ሩቅ አይደለም፤ ከመቶ ዓመት ጥቂት ቢያልፍ ነው። እንግዳውን ነገር አምጥተው ያስተዋወቁት፣ ስለ እርሱም የክልከላን ምሬት የቀመሱት ሰው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። የእኒህ ሰው ስም ብዙ ጊዜ የሚነሣው በመንግሥት ሥራቸው ስለ ሆነ፣ እኔ የቴአትሩን ወገን አጉልቼ የሕይወታቸውን ታሪክ በአጭሩ ለማቅረብ አሰብሁ።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኰንን ቤት አደጉ። በ1888 ዓ.ም. የአድዋ ዘመቻ በተነሣ ጊዜ ገና ልጅ ሳሉ ሠራዊቱን ተከትለው ዘመቱ። ከድሉም በኋላ ሌዎንቲየፍ ከሚባለው ሩሲያዊ ጋራ ለትምህርት ወደ ሩሲያ ተጓዙ። በዚያም አሥር ዓመት ያህል ተቀምጠው የመድፈኛ መኰንንነትን ትምህርት አጠናቀቁ። የሩሲያ ዋና ከተማ ፒተርስቡርግ በዚያ ዘመን በሠራዊቷ ብቻ ሳይሆን በቴአትር ቤቶቿም የታወቀች ነበረች። ከዚህም በቀር በአውሮጳ የእርሻን ጥበብ ተምረዋል። እንግዲህ ወደ አገራቸው ሲመለሱ መድፍን ያወቁ፣ ማረሻን የወደዱ፣ መድረክንም ያዩ ሰው ሆነው ነው።

በዚያ ጊዜ በአዲስ አበባ ቴራስ የሚባል ሆቴል ነበር። መኳንንቱና የከተማው ታላላቅ ሰዎች እየተሰበሰቡ የሚዝናኑበት ስፍራ ነበር። በዚያ ቤት ቴአትር እየተባለ የሚቀርበው ግን ዘፈንና ጭፈራ ነበር። ተክለ ሐዋርያት ይህን ባዩ ጊዜ ነገሩ ቅር አሰኛቸው። ቴአትር ማለት የሰው ጠባይ በሰው ፊት ተገልጦ የሚታይበት፣ ተመልካቹም ስቆ የሚማርበት ጥበብ መሆኑን በሥራ ለማሳየት ተነሡ። ስለዚህ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ድርሰት ጻፉ። የቴአትራችን ዕድሜ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ይህ ድርሰት ከታየበት ከ1913 ዓ.ም. ጀምሮ ነው።

ፋቡላ ማለት ተረት ማለት ነው። ተክለ ሐዋርያት የተከተሉት መንገድ ላ ፎንቴን የተባለው የፈረንሳይ ባለቅኔ በ17ኛው መቶ ዓመት ያቀናውን ነው፤ ይኸውም አውሬዎች እንደ ሰው እየተናገሩ የሰውን ጉድለት የሚያሳዩበት ነው። መንገዱ ከውጭ ቢመጣም ለእኛ ባዕድ አልነበረም። በየምድጃው ዳር የጦጣንና የአንበሳን፣ የጅብንና የአህያን ተረት እየሰማን ያደግን ነን፤ ቅኔያችንም ሰምና ወርቅ አለው። አበው ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ የሚሉትም በከንቱ አይደለም። በፋቡላ ሰሙ አውሬ ነው፤ ወርቁ ግን የዚያ ዘመን የአስተዳደር ብልሹነትና የሹማምንት ድክመት ነበር።

ተመልካቾቹም እነዚያው መኳንንትና ሹማምንት ነበሩ። ወርቁን ለመፍታት ጊዜ አልወሰደባቸውም። ነገሩ ወደ ቤተ መንግሥት ደረሰ፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት ቴአትሩ ታገደ፤ የታተመውም መጽሐፍ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ እስከ ጫኑበት ጊዜ ድረስ መድረኩ ጸጥ ብሎ ቆየ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። የአውሬ ተረት ይህን ያህል የሚያስፈራው ስለ ምንድን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ ቴአትር በሕዝብ ፊት የሚታይ ነገር መሆኑ ነው። መጽሐፍን የሚያነብ ሰው ብቻውን ያነባል፤ ብቻውንም ይሥቃል። በአዳራሽ የተቀመጠ ሰው ግን ሲሥቅ ጎረቤቱም ሲሥቅ ያያል፤ በልቡ ደብቆ የያዘውን ነገር ሌላውም እንደሚያውቀው በዚያች ቅጽበት ይረዳል። ስለዚህ ሳቁ እንደ ጋራ ምስክርነት ይሆናል። እውነት እንዳይነገር የሚሻ ሰው ከወረቀቱ ይልቅ ይህን የአዳራሽ ሳቅ ቢፈራ አይደንቅም።

ለዚህም ከራሳችን ትምህርት ቤት ምሳሌ ልስጥ። የቴአትር ክበባችን እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ በወላጆች በዓል ቀን አንዲት አጭር ቴአትር አሳይቶ ነበር። ታሪኳ ስለ አንድ የቦኖ ውሃ ጠባቂ ነው፤ ጠባቂው ዘመዶቹን እያስቀደመ የሌላውን ጀሪካን ከሰልፍ ያስወጣል። እኔ መጋረጃ ሳቢ ስለ ነበርሁ ከጎን ሆኜ ተመልካቹን አይ ነበር። በመጀመሪያ እናቶች ሣቁ። ቀጥሎም እርስ በርሳቸው ተያዩ። ኋላም አንዲት አሮጊት ሆና የምትጫወተው ልጅ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ስትመለስ አዳራሹ በሙሉ ጸጥ አለ። ልጅቱም ጸጥታውን ሰምታ እርምጃዋን አዘገየች፤ በልምምድ ጊዜ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ሲኒማ ተመልካቹን ሊሰማ አይችልም፤ ቴአትር ግን ይሰማል።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። የተዘጋው በር እንደገና ሲከፈት ቴአትር መጠጊያ ያገኘው በትምህርት ቤቶች ነው። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት፣ መላኩ በጎሰውም በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ተዋንያን እያደረጉ ድርሰቶቻቸውን አሳዩ። በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ታላቅ አዳራሽ ተከፈተ። ከጦር ኃይሎች ተሳፍረን በሜክሲኮ አልፈን ሄደን የምናየው መድረክ ሥሩ ወደዚያ ወደ ተከለከለው ድርሰት ይደርሳል።

ተክለ ሐዋርያት ራሳቸው ግን በመንግሥት ሥራ ተጠመዱ። በጅሮንድ ተብለው የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ፤ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የአገራችንን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እርሳቸው ናቸው። ፋሺስት ኢጣሊያ በወረረችን ጊዜም በዤኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ አገራቸው ተከራከሩ። ከዚያም ብዙውን የስደት ዘመናቸውን በማዳጋስካር ደሴት አሳለፉ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በሐረርጌ፣ በሂርና በእርሻ ሥራ ኖረው በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ። የጻፉት የሕይወት ታሪካቸውም ከሞቱ በኋላ ታትሞ ለንባብ በቅቷል። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» የተባለውን ልብ ወለድና «ቴዎድሮስ» የተባለውን ቴአትር በመድረስ የአባታቸውን ብዕር ተረክበዋል።

የመድፍ ትምህርት የተማሩት ሰው የአገራቸውን ጉድለት ለመምታት የመረጡት መሣሪያ ተረትና ሳቅ ነበር። ሳቁን ከትምህርቱ አልለዩም፤ ትምህርቱንም በስድብ አልገለጡም። በክበባችን ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ ሳቅ ብቻ ሲፈለግ አያለሁ፤ አንድ ልጅ ሲወድቅ ወይም ንግግሩ ሲኮላተፍ ይሣቃል፤ ሳቁም ከበሩ ሳይወጣ ይጠፋል። እኔ ግን ሳቁ እስከ ሰፈር የሚከተለንን ዓይነት ቴአትር እንድንደርስ ጓደኞቼን እለምናለሁ። መምህራንና ወላጆቻችንም በመድረክ ላይ የራሳችሁን መልክ ያያችሁ ሲመስላችሁ እንዳትቈጡን አደራ እላለሁ። ተክለ ሐዋርያት ያን ጊዜ ያጡት ድፍረት ሳይሆን ታጋሽ ተመልካች ነበር።