ሐኪም ወርቅነህ እሸቴና የጨርጨር ገባር

በሕንድ አገር እንደ ቻራን ሲንግ ያሉ፥ ስለ ባላገር የሚሟገቱ ሹማምንት ተነሥተው ስማቸው ከአገራቸው አልፎ ተሰምቷል። እኛም በሕንድ አድገው ስለ ገባር የደከሙ የራሳችን ሰው አሉን፤ እርሳቸውም አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ብዙ ሰው ሐኪምነታቸውን እንጂ አገረ ገዥነታቸውን አያነሣም፤ ለእኛ ግን የሚበልጠው ሥራቸው ይህ ይመስለናል።

ወርቅነህ በጎንደር ተወለዱ። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር በተያዘ ጊዜ፥ ገና ሕፃን ሳሉ ከወላጆቻቸው ተለይተው ስለ ተገኙ፥ ቻምበርሌን የሚባል መኮንን ወደ ሕንድ ወሰዳቸው። ኋላም ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን አስተማራቸው፤ ስለዚህ በውጭ አገር ቻርልስ ማርቲን ተባሉ። በላሆር ሕክምና ተምረው በበርማ በእንግሊዝ መንግሥት ሥራ ብዙ ዘመን አገለገሉ። ከዐድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው ሲመጡ አማርኛው ጠፍቷቸው ነበር፤ አያታቸው ግን በሰውነታቸው ላይ ባለው ጠባሳ ለይተው አወቋቸው ይባላል።

የበርማውን ሥራ ትተው በአዲስ አበባ ከተቀመጡ በኋላ፥ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት ተመለከቱ። ፍቅርና አገልግሎት የሚባለውንም ማኅበር አቋቁመው ነፃ የወጡ ባሮች ልጆች የሚማሩበትን ቤት አሰናዱ። በቶንጎና በአሶሳ አካባቢ የሚኖሩት የማኦና የኮሞ ወገኖች በባሪያ ፈንጋይ ምን ያህል እንደ ተጎዱ የሚያውቅ ሰው፥ የዚህን ቤት ጥቅም አይስተውም።

ከዚህም በኋላ የጨርጨር አገረ ገዥ ሆነው ተሾሙ። ጨርጨር ቡና የሚበቅልበት፥ ለምድር ባቡርም የቀረበ አገር ነው። ከእርሳቸው በፊት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አገሩን ሲገዙ የማሻሻልን ሥራ ጀምረው ነበር። በዚያ ዘመን ወታደርና ሹም በደመወዝ ፈንታ ገባር ይሰጠው ነበርና፥ ገባሩ ከእህሉ ግብር ሌላ የመልከኛውን እርሻ ያርሳል፥ አጥሩን ያጥራል፥ እንጨቱን ይለቅማል፥ ዕቃውን ይሸከማል፤ ሚስቱም እህል ትፈጫለች። የዚህም ሥራ ልክ አልተወሰነም። ክፋቱ ከዚህ ላይ ነው፤ ልክ የሌለው ዕዳ ምንም ቢከፈል አያልቅምና፥ ገበሬው ብዙ ቢያመርት ለሌላ እንጂ ለራሱ እንደማይሆን ያውቃል።

ሐኪም ወርቅነህ የጉልበቱ አገልግሎት ቀርቶ ግብሩ ተወስኖ በገንዘብ እንዲከፈል፥ ሹሙም በደመወዝ እንዲያድር ሠሩ፤ ይህም በደንብ ተጻፈ። በነፃ ጉልበት ለለመደ መልከኛ ይህ ደስ እንደማያሰኝ ማንም ያውቃል። መንገድም አስጠረጉ፥ ትምህርት ቤትም አቆሙ፤ ጨርጨርም ለሌሎች አውራጃዎች ምሳሌ ትሆናለች ተብላ ታሰበች።

ነገር ግን ጊዜው አጭር ነበር። በ1927 ዓ.ም. በሎንዶን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ሄዱ፥ ወረራውም ደረሰ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ሁለቱን ልጆቻቸውን፥ ዮሴፍንና ቢንያምን፥ ፋሽስቶች ገደሏቸው። አባትየው ያን ጊዜ በስደት ነበሩ። በ1934 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ1937 ዓ.ም. የመሬት ግብር አዋጅ ወጥቶ ግብር በገንዘብ እንዲሆን በአገሩ ሁሉ ሲታወጅም በሕይወት ነበሩ። በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ።