ዙበይር ኢብኑል ዐዋም፦ አደራን ወደ ዕዳ የለወጠው ነጋዴ

በ36ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 656) በበስራ አቅራቢያ የጀመል ውጊያ ሊጀመር ሲል፣ ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ) ልጁን ዐብደላህን ወደ ጎኑ ጠራው። በዚያ ቀን ተበድሎ እንደሚገደል ልቡ ነግሮታል። ይሁንና ከሞቱ ይልቅ እጅግ ያሳሰበው ዕዳው ነበር። ዕዳው ሲከፈል ከንብረቱ የሚተርፍ ነገር ይኖር እንደሆነ ልጁን ጠየቀው፤ ንብረቱን ሸጦ ዕዳውን እንዲከፍልም አዘዘው። መክፈል ቢያቅተው ደግሞ በመውላው እንዲታገዝ ነገረው። ዐብደላህ መውላ የተባለው ማን እንደሆነ ስላልገባው ጠየቀ፤ አባቱም አላህን ማለቱ እንደሆነ አስረዳው።

ዙበይር ባለዕዳ የሆነው በአባካኝነት ወይም በድህነት አልነበረም። ዕዳው የተከማቸው ሰዎች አምነው ገንዘባቸውን ስለሰጡት ነው። የሌላውን ገንዘብ የተቀበለ ሰው ኪሳራ ቢመጣ የሚሸከመው ማን እንደሆነ አስቀድሞ መናገር እንዳለበት ከታሪኩ እንማራለን።

ዙበይር የተወለደው በመካ ከቁረይሽ ነገድ ነው። እናቱ ሶፊያ ቢንት ዐብዱልሙጦሊብ የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) አክስት ነበረች። አባቱ ዐዋም ደግሞ የእናታችን የኸዲጃ ቢንት ኹወይሊድ ወንድም ነው። ኸዲጃ (ረ.ዐ) ገንዘቧን ለታማኝ ሰዎች በመስጠትና ትርፉን በመካፈል ወደ ሻም ንግድ ትልክ ነበር። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ከነቢይነታቸው በፊት በእርሷ ገንዘብ ነግደዋል። ስለዚህ በሰው ገንዘብ በአማና መነገድ ለዙበይር ከቤተሰቡ የሚያውቀው ነገር ነበር።

እስልምናን ገና በለጋ ዕድሜው ከተቀበሉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ሆነ። የቁረይሾች በደል ሲበረታ፣ እ.ኤ.አ. በ615 አካባቢ፣ ወደ ሐበሻ ምድር ከተሰደዱት ሙስሊሞች ጋር ተጓዘ። እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፈችው፣ ስደተኞቹ በንጉሥ ነጃሺ ጥበቃ ሥር ሳሉ በንጉሡ ላይ የተነሣ ባላንጣ ጦር አሰለፈ። ሙስሊሞቹ ያ ሰው ቢያሸንፍ መብታቸውን እንዳይነፍጋቸው ሰጉ። ከወንዙ ማዶ የሚደረገውን ውጊያ አይቶ ወሬ የሚያመጣላቸው ሰው ሲፈልጉ፣ ከመካከላቸው በዕድሜ ከትንሾቹ አንዱ የሆነው ዙበይር ራሱን አቀረበ። የተነፋ አቁማዳ በደረቱ አስረውለት የናይልን ወንዝ ዋኝቶ ተሻገረ። ነጃሺ ድል ባደረገ ጊዜም ልብሱን እያውለበለበ የምሥራቹን ይዞ ተመለሰ።

ከስደት ተመልሶ በመዲና ሲኖር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሀብት አልነበረውም። ባለቤቱ አስማእ ቢንት አቢ በክር (ረ.ዐ) እንደተናገረችው፣ በቤታቸው ከፈረሱና ውኃ ከሚቀዳበት ግመል በቀር የሚቆጠር ንብረት አልነበረም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሰጡት ሩቅ መሬት የቴምር ዘር በራሷ ላይ ተሸክማ ታመላልስ ነበር። ዙበይር ግን ንግድ ያውቃል። በሂጅራው ጊዜ ነቢዩንና (ሰ.ዐ.ወ) አቡበክርን (ረ.ዐ) በመንገድ ያገኛቸው ከሻም ከሚመለሱ ሙስሊም ነጋዴዎች ጋር ሆኖ ሲሆን፣ ነጭ ልብስም አልብሷቸዋል። በጀግንነቱ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሐዋርይ ተባለ፤ በጀነት ከተበሠሩት ዐሥር ሶሓቦችም አንዱ ነው።

እያደር ስሙ በታማኝነት ታወቀ፤ ሰዎችም ገንዘባቸውን ሊያስቀምጡ ወደ እርሱ መምጣት ጀመሩ። የዙበይር ልዩ አካሄድ እዚህ ላይ ይታያል። አንድ ሰው ገንዘብ በአደራ ሊሰጠው ሲመጣ በአደራነት አይቀበለውም ነበር። ገንዘቡ እንዳይጠፋ ስለሚፈራ ብድር እንዲሆን ይጠይቃል።

ልዩነቱ በፊቅህ ትልቅ ነው። አደራ ተቀባይ ካልቸለተኘ ወይም ወሰን ካላለፈ በቀር ለጠፋው ገንዘብ ተጠያቂ አይደለም፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድም ሊነግድበት አይችልም። ተበዳሪ ግን ቢያተርፍም ቢከስርም የተቀበለውን የመመለስ ግዴታ አለበት፤ በዚያው ልክ ገንዘቡን በንግድ ሊያንቀሳቅስ ይችላል። ዙበይር ስለዚህ የባለገንዘቡን ሥጋት ወደ ራሱ አዞረ። ባለገንዘቡ ዋስትና አገኘ፤ እርሱም የመነገድ መብት አገኘ።

ሀብቱ ከሥልጣን የመጣ አለመሆኑንም ዘገባው አጥብቆ ያነሣል። ዙበይር ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ)፣ ከአቡበክር፣ ከዑመርና ከዑሥማን (ረ.ዐ) ጋር ዘምቷል እንጂ አገረ ገዥ አልሆነም፤ ግብርም አልሰበሰበም።

በጀመል ዕለት ዙበይር ውጊያውን ትቶ ሄደ፤ ነገር ግን በዋዲ ሲባዕ ኢብኑ ጁርሙዝ በተባለ ሰው እጅ ተገደለ። ዐብደላህ የአባቱን ሒሳብ ሲመረምር ዕዳው 2 ሚሊዮን 200 ሺህ ሆኖ ተገኘ። በቤቱ ግን አንድ ዲናርም ሆነ አንድ ድርሃም አልነበረም። ያለው ሁሉ በመሬትና በቤት ላይ ነበር፦ ከመዲና በስተሰሜን የሚገኘው የጋባ መሬት፣ በመዲና 11 ቤቶች፣ በበስራ 2፣ በኩፋ 1፣ በምስር 1። ንብረቱ ብዙ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ጀንበር ወደ ገንዘብ የሚለወጥ አይደለም።

ሐኪም ኢብኑ ሒዛም (ረ.ዐ) የዕዳውን መጠን ሲጠይቅ ዐብደላህ መጀመሪያ 100 ሺህ ብቻ ብሎ ነገረው። ሐኪም ይህንንም ንብረታቸው የሚሸፍነው እንደማይመስለው ገለጸ። እውነተኛው ቁጥር ሲነገረው ደግሞ ልጆቹ ይችሉታል ብሎ አላመነም፤ ቢያቅታቸው ሊረዳቸው ቃል ገባ።

ዐብደላህ ግን ንብረቱን በችኮላ አልጣለውም። ዙበይር በ170 ሺህ የገዛውን የጋባ መሬት በ1 ሚሊዮን 600 ሺህ ገመተና እያንዳንዱን ድርሻ በ100 ሺህ ለሽያጭ አቀረበ። ዕዳ ያለው ሁሉ ወደዚያው እንዲመጣም አስነገረ። 400 ሺህ የሚጠይቀው ዐብደላህ ኢብኑ ጀዕፈር (ረ.ዐ) ገንዘቡን ልተውላችሁ አለ፤ የዙበይር ልጅ አልተቀበለም። ክፍያው ለሌላ ጊዜ ይቆይ አለ፤ ይህንንም አልተቀበለም። በመጨረሻ በዕዳው ልክ መሬት ተሰጠው። የቀሩትን አራት ተኩል ድርሻዎች ሙዓዊያ (ረ.ዐ) ባለበት ሌሎች ገዙ፤ አንድ ተኩሉን ሙዓዊያ ራሱ ወሰደ። ቆይቶም ኢብኑ ጀዕፈር ድርሻውን ለሙዓዊያ በ600 ሺህ ሸጠለት።

ዕዳው ተከፍሎ ሲያልቅ ወንድሞቹ ውርሱ እንዲከፋፈል ጠየቁ። ዐብደላህ ግን ያልታወቀ ባለገንዘብ እንዳይቀር ሰግቶ፣ በአራት ተከታታይ የሐጅ ወቅቶች ከዙበይር ዕዳ የሚጠይቅ ካለ ይቅረብ ብሎ አሳወጀ። ውርሱን ያከፋፈለው ከዚያ በኋላ ነው። ኑዛዜው ሲሶ ከወጣ በኋላ ከአራቱ ሚስቶች እያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ደረሳቸው። በዘገባው ውስጥ ያሉት ድምሮች አለመገጣጠማቸውን የተመለከቱ ሊቃውንት፣ ልዩነቱ በአራቱ የጥበቃ ዓመታት ንብረቱ ያፈራው ጭማሪ ነው ብለው ያብራሩ አሉ።

ዛሬ የጡረታ ፈንዶችና የመንግሥታት የሀብት ፈንዶች ከገንዘባቸው ከፊሉን በአክሲዮን ገበያ ላልተመዘገቡ ኩባንያዎች፣ ለሕንፃና ለመሠረተ ልማት ያውላሉ። በአካባቢያችን የኩዌት ኢንቨስትመንት ቦርድ በ1953፣ የሳዑዲ ዐረቢያ የሕዝብ ኢንቨስትመንት ፈንድ በ1971 ተመሥርተዋል። በእንዲህ ዓይነት ሥራ ገንዘቡ ብዙ ጊዜ እስከ ዐሥር ዓመት ታስሮ ይቆያል። ንብረቱ በየቀኑ ዋጋ የሚወጣለት ስላልሆነም እውነተኛ ዋጋው የሚታወቀው ሲሸጥ ነው። በሙዷረባ ውል ደግሞ ኪሳራው የባለገንዘቡ ነው፤ ሠሪው የሚያጣው ድካሙን ነው። ይህ የተፈቀደ መንገድ ነው፤ ነገር ግን ባለገንዘቡ ይህን አውቆ መግባት አለበት። በብዙ የእስልምና ባንኮች ተንቀሳቃሽ ሒሳብ ውስጥ የምናስቀምጠው ገንዘብ ግን በብድር መልክ ስለሚያዝ ባንኩ ሙሉውን የመመለስ ግዴታ አለበት፤ ይህም የዙበይር መንገድ ነው።

ጎረቤቱ ወይም ዘመዱ ገንዘቡን ሲሰጠው የሚቀበል ሁሉ፣ ገንዘቡ አደራ፣ ብድር ወይስ የትርፍ ሽርክና እንደሆነ በዚያው ቀን ይናገር፤ ይጻፈውም። ቢሞት ልጆቹ የሚያውቁት መዝገብ፣ ዕዳውን የሚሸፍን ንብረትና ለመክፈል የማይሰንፍ ወራሽ ይኑረው። ዐብደላህ ዕዳው በከበደው ጊዜ ሁሉ በአባቱ መውላ ይለምን ነበር፤ አላህም መንገድ ይከፍትለት እንደነበር ተርኳል። አላህ በዙበይርና በልጁ ይደሰት።