ዐፄ ዮሐንስና የኵርዓተ ርእሱ ሥዕል

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከመንገሣቸው አስቀድሞ ደጃዝማች ካሣ ይባሉ ነበር። አባታቸው ሹም ተምቤን ምርጫ፥ እናታቸው ወይዘሮ ሥላስ ናቸው። የጉንደትና የጉራዕ ድላቸው በሁሉ ዘንድ የታወቀ ስለ ሆነ፥ ከዚህ የሚነገረው ብዙ ሰው የማያነሣው ሥራቸው ነው፤ ይኸውም ከመቅደላ ተዘርፎ ወደ እንግሊዝ አገር የሄደውን መጽሐፍና ሥዕል ለማስመለስ የደከሙት ድካም ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አምባ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከጎንደር አድባራት እጅግ ብዙ የብራና መጻሕፍት ሰብስበው ነበር፤ የተሰበሰበውም ሁሉ በባለቤቶቹ ፈቃድ አልነበረም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር አዝማችነት በመጣ ጊዜ፥ ደጃዝማች ካሣ ከዐፄ ቴዎድሮስ ተለይተው ትግራይን ለብቻቸው ይገዙ ነበርና፥ በየካቲት ወር ከጄኔራሉ ጋራ ተገናኝተው ጦሩ በአገራቸው እንዲያልፍ፥ ገበሬውም እህል እንዲሸጥለት ፈቀዱ። ሚያዝያ 6 ቀን፥ በትንሣኤ ማግስት፥ አምባው ተያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በገዛ እጃቸው ሞቱ። ወታደሮቹ ቤተ መንግሥቱንም ቤተ ክርስቲያኑንም በዘበዙ። ዘውዱ፥ ጽዋው፥ መስቀሉ፥ ታቦቱ፥ ልብሰ ተክህኖው፥ ብራናው ሳይቀር ተወሰደ። ምርኮው በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚሆን በቅሎ ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ሄደ፤ በዚያም ሁለት ቀን በሐራጅ ተሸጦ ገንዘቡ ለወታደሩ ተከፋፈለ። ከገዢዎቹ ዋናው ሪቻርድ ሆልምስ ነበረ፤ እርሱም ብሪቲሽ ሙዚየም የሚባለው የሎንዶን የቅርስ ቤት ከጦሩ ጋራ የላከው ሰው ነው። ወደ 350 የሚሆን ብራና ወደዚያ ቤት ገባ።

ጄኔራል ናፒየር ሲመለስ፥ ስለ ተደረገለት መልካም አቀባበል፥ ለደጃዝማች ካሣ መድፎችንና ከ800 በላይ ጠመንጃ ሰጠ። በዚህ መሣሪያ ተረድተው በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን በአሳም ድል አደረጉ፤ በጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ጽዮን ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። እንግዲህ የመቅደላን ዕቃ ለወሰደው ጦር መንገድ የሰጡት እርሳቸው፥ ከዚያው ጦር በተቀበሉት መሣሪያ የበረቱትም እርሳቸው ናቸው። ይህ ነገር ከታሪካቸው ሊሸሸግ አይገባም።

ከነገሡ ሰባት ወር ያህል በሆነ ጊዜ፥ በነሐሴ 1864 ዓ.ም.፥ ለንግሥት ቪክቶሪያና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለሎርድ ግራንቪል ደብዳቤ ጻፉ። የለመኑት ወርቅ ወይም ዘውድ አይደለም። አንደኛ ክብረ ነገሥትን ጠየቁ፤ የአገሩ ሕግና ሥርዓት በእርሱ ተጽፎአልና፥ ያለዚያ መጽሐፍ ሕዝቡ ትእዛዛቸውን እንደማይቀበል አስረዱ። ሁለተኛም የኵርዓተ ርእሱን ሥዕል ጠየቁ። ይህ ሥዕል ጌታችን የእሾህ አክሊል ደፍቶ የሚታይበት ነው፤ ነገሥታቱ ወደ ዘመቻ ይዘውት ይወጡ፥ መኳንንቱም ይምሉበት ነበር። በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን፥ በ1736 ዓ.ም.፥ ከስናር ሰዎች ጋራ በተደረገው ጦርነት ተማርኮ፥ በኋላ ብዙ ወርቅ ተከፍሎበት ወደ ጎንደር ተመልሶ ነበር።

ሙዚየሙ የክብረ ነገሥት ሁለት ቅጂ ነበረውና፥ አንዱን በታኅሣሥ 1865 ዓ.ም. መለሰ። የተዘረፈ ዕቃ በልመና ብቻ ከእንደዚያ ያለ ቤት መውጣቱ በዚያ ዘመን እጅግ ብርቅ ነው፤ ደብዳቤው ፍሬ አላፈራም ሊባል አይቻልም። ስለ ሥዕሉ የመጣው መልስ ግን እንዳልተገኘና ወደ እንግሊዝም የመጣ እንዳልመሰላቸው የሚናገር ነበረ። ሥዕሉ ግን በዚያው አገር፥ በሆልምስ እጅ ነበረ። ከመቅደላ ቤተ መንግሥት ወስዶ ለሙዚየሙ ሳያስረክብ ለራሱ አስቀርቶት ነበርና። በዚያ ጊዜ ሆልምስ በዊንድሶር ግንብ የንግሥቲቱ የመጻሕፍት ቤት ሹም ሆኖ ነበር።

ዐፄ ዮሐንስ ከዚህ በኋላ ከግብፅም ከጣልያንም ጋራ ሲዋጉ ኖረው፥ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ቆስለው ሞቱ። ደርቡሾችም አስከሬናቸውን ማርከው ራሳቸውን ቈርጠው ወደ ኦምዱርማን ወሰዱት። ሆልምስ በ1903 ዓ.ም. ሞተ። በ1910 ዓ.ም. ሥዕሉ በሎንዶን በሐራጅ ተሸጠ፤ ከዚያም ከገዢ ወደ ገዢ ሲተላለፍ ቆይቶ ወደ ፖርቱጋል ገባ።