የፕላን ሚኒስትሩ ልብ ወለድ

መንግሥት ፖሊሲ ሊያወጣ ሲል የጥናት ተቋማት ይሰለፋሉ፤ ኢኮኖሚስቱም የሕግ ባለሙያውም ይጋበዛል። ደራሲ ግን ለመክፈቻው ግጥም እንዲያነብ ካልሆነ በቀር ሲጠራ አላየሁም። ሀዲስ ዓለማየሁን የማነሳው ለዚህ ነው።

በ1902 ዓ.ም. ጎዛምን የተወለዱት ሀዲስ ከቅኔ ቤት ወደ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ዘለቁ። በጣሊያን ወረራ ዘምተው ተማረኩ፤ ዓመታትንም በጣሊያን ደሴቶች በግዞት አሳለፉ። ከዚያ ዲፕሎማት፣ አምባሳደርና የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ።

«ፍቅር እስከ መቃብር» በታተመበት በ1958 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ የፕላንና ልማት ሚኒስትር ነበሩ። መቼም የልማት ዕቅድ በሰንጠረዥ ይቀርባል፤ የባላገሩ ነገር ግን የተጻፈው በልብ ወለዱ ውስጥ ነው። ገበሬዎቹ ከተለመደው ግብር በላይ አንሰጥም ይላሉ፤ ፊታውራሪ መሸሻ ሊቀጧቸው ይዘምታሉ፤ በአበጀ በለው እጅም ይወድቃሉ። እኔ ሕግ ስላጠናሁ ይሆናል፣ ያንን ክፍል የማነበው እንደ ክርክር ማመልከቻ ነው፦ ልማድ ያመጣው ግዴታ እስከ ምን ድረስ ያስገድዳል?

መልሱ ብዙ አልዘገየም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 ወጣ። የጎጃም ገበሬ አዋጁን ርስቱን ለመለካትና ለመንጠቅ የመጣ ዘዴ አድርጎ አየው፤ መሣሪያም አነሳ። መንግሥት ጦር ላከ፤ በመጨረሻ ግን የከረመውን ውዝፍ ግብር ለመሰረዝ ተገደደ። አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች የባልደረባቸውን መጽሐፍ በጥሞና አንብበውት ቢሆን ኖሮ እላለሁ።

ገበሬውማ መጽሐፉን በጆሮው አግኝቶታል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችለውም ሰማ። ከማንኩሳ በቡሬ አድርጎ ወደ አዊ የሚዘልቅ መንገደኛ እንጅባራም ሆነ ዳንግላ ላይ አበጀን እንደ ጎረቤት የሚያነሱ አዛውንት አያጣም፤ እኔ አላጣሁም። የትኛው የጥናት ሰነድ ነው ዳንግላ ገበያ ድረስ የደረሰ?

ሀዲስ በልብ ወለድ ብቻ አልቆሙም። በ1966 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ምን ዐይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል?» የሚል መጽሐፍ አሳተሙ። ጥያቄው ለውይይት ሳይቀርብ ደርግ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሡን አወረደ፤ አስተዳደሩም በጠመንጃ ተወሰነ። ጠቅላይ ሚኒስትር እንዲሆኑ ተጠይቀው እምቢ እንዳሉ ይነገራል። ወደ ብዕራቸው ተመልሰው «ወንጀለኛው ዳኛ»ን በ1974፣ «የልም እዣት»ን በ1980 አወጡ። ኅዳር 1996 ዓ.ም. ሲያርፉ ሁሉም ያነሳው የሰብለንና የበዛብህን ፍቅር ነበር፤ የ1966ቱን መጽሐፍ በፖሊሲ ክርክር ላይ ሲጠቀስ እስካሁን አልሰማሁም።