ዘርቶ የጠበቀ ሰው፦ ኢቫን ሚቹሪን

የፖም ዘር ዛሬ የዘራ ሰው ፍሬውን ለመቅመስ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ዓመት መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ፍሬው ጣፋጭ ይሁን ጎምዛዛ ግን አስቀድሞ አይታወቅም። ትዕግሥትን በሚፈታተነው በዚህ ሥራ ስማቸው ከታወቀ ሰዎች አንዱ ሩሲያዊው ኢቫን ሚቹሪን ነው።

ሚቹሪን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1855 ዓ.ም. በሪያዛን ጠቅላይ ግዛት ተወለደ። በወጣትነቱ በኮዝሎቭ ከተማ የምድር ባቡር ጸሐፊ፥ ኋላም የየጣቢያውን ሰዓት የሚጠግን ሠራተኛ ነበር። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም በ1875 ዓ.ም. መሬት ተከራይቶ ፍራፍሬ መትከል ጀመረ። አሳቡም የደቡቡን ጣፋጭ ፍሬ ብርድ በሚበረታበት በመካከለኛው ሩሲያ ማብቀል ነበር።

በመጀመሪያ አጭሩን መንገድ ያዘ፤ የደቡቡን ዛፍ ቀንበጥ ብርድ በለመደው ያገሩ ግንድ ላይ እየቀጠለ አሳደገ። ይሁን እንጂ ብርቱ የበረዶ ወራት በመጣ ጊዜ ዛፎቹ ደርቀው ቀሩ፤ የብዙ ዓመት ድካሙም ከንቱ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ብርድን የመቻል ኃይል ከዘር ጀምሮ መምጣት እንዳለበት ተረዳ። የሁለት ዛፎችን አበባ እያዳቀለ፥ ዘሩን እየዘራ፥ ደካማውን ችግኝ እየነቀለ እንደ ገና ሥራውን ሀ ብሎ ጀመረ። በ1900 ዓ.ም. ግድም ለም መሬት ችግኞቹን እንደሚያቀማጥላቸው ተገንዝቦ፥ እንዲጠነክሩ ወደ ስስ አፈር አዛወራቸው።

በ1932 ዓ.ም. ኮዝሎቭ በስሙ ሚቹሪንስክ ተባለች፤ እርሱም በ1935 ዓ.ም. ሞተ። ከ300 የሚበልጡ አዳዲስ የተክል ዓይነቶች እንዳስገኘ ይነገርለታል።

ሥራ ለሚጀምር ወጣት ከዚህ ሕይወት የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። መጠበቅ ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም፤ ሚቹሪን አንዱ ዘር እስኪያፈራ ድረስ ሌላውን ይዘራ ነበር።